ከሮም በባቡር፣ ለሁለት፣ ለአንድ ቀን፦ ኦርቪዬቶ፣ ቪቴርቦ፣ ስፖሌቶ ወይስ ፍራስካቲ?

ሮም ለጥቂት ቀን የመጡ ጥንዶች ሦስተኛው ቀን ላይ ይደክማቸዋል። ኮሎሴየም ታየ፣ ቫቲካን ታየ፣ ሰልፉና ግፊያው አንገት ላይ ደረሰ። ከዚያ እኛ ቤት ስልክ ይደወላል። «እስቲ ጸጥ ያለ አሮጌ ከተማ ንገሩን። በባቡር ሄደን ማታ የምንመለስበት።»

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ችግሩ ከሮም በሁለት ሰዓት ውስጥ በባቡር የሚደረስባቸው አሮጌ ከተሞች ብዙ መሆናቸው ነው። በፎቶ ደግሞ ሁሉም ያምራሉ። ሁሉም ኮረብታ አላቸው፣ ሁሉም የድንጋይ አደባባይና ካቴድራል አላቸው። ፎቶ አይቶ የመረጠ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚመርጠው ታዋቂውን ነው። ታዋቂው ደግሞ ሁልጊዜ ለሁለት ሰው አይሆንም።

እኔና ባለቤቴ በዚህ መንገድ ብዙ ተመላልሰናል። በመጀመሪያዎቹ ጊዜያት አንድ ጥፋት አጥፍተን እናውቃለን። የመሄጃውን ባቡር ብቻ አይተን ወጣን። ቀኑ እሑድ ነበር። አመሻሽ ላይ ደስ ብሎን ወደ ጣቢያው ስንወርድ መድረኩ ላይ ሰው የለም። እኛ ያሰብነው ባቡር በሥራ ቀን ብቻ የሚሄድ ኖሯል። ቀጣዩ ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። ካፌው ተዘግቷል፣ ብርዱ ጀምሯል። ባለቤቴ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ አንዲት ቃል ሳትናገር አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ያንን ዝምታ አልረሳውም። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንኛውንም ጉዞ የማቅደው ከመመለሻው ተነስቼ ነው። ይህን መመሪያም የጻፍኩት በዚያው ሐሳብ ነው።

መጀመሪያ መስፈርቱ

ከተሞቹን ከማየታችን በፊት በምን እንደምንለካቸው እንስማማ።

የመጀመሪያው መመለሻው ነው። ማታ ስንት ባቡር አለ? አንዱ ቢያመልጣችሁ ቀጣዩ መቼ ነው? ለጸጥታ የምትሄዱ ከሆነ ይህ ከሁሉም ይበልጣል። ምክንያቱም እነዚህ ከተሞች በእውነት ጸጥ የሚሉት ከሰዓት በኋላ ነው። በአውቶቡስ በቡድን የሚመጣው ጎብኚ ከ10 ሰዓት በኋላ መመለስ ይጀምራል። ፀሐይዋ ዝቅ ትላለች፣ ድንጋዩ ወርቅማ ይሆናል፣ የሰፈሩ ሰው ለእግር ጉዞ ይወጣል። ያንን ሰዓት ሳታዩ ከተመለሳችሁ የከተማውን ግማሽ አላያችሁም። (ሰዓቱን የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው። የጣቢያው ሰሌዳ ግን የ24 ሰዓት ነው፤ 16፡00 ሲል በእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት ማለቱ ነው። ዓመቶቹ ግን ሁሉም እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ሁለተኛው ከጣቢያው እስከ አሮጌው ከተማ ያለው መንገድ ነው። በጣሊያን አሮጌው ከተማ ከላይ፣ ጣቢያው ከታች ነው። አንዳንዱ ጋ ወርዳችሁ አምስት ደቂቃ ብትራመዱ በሩ ላይ ናችሁ። አንዳንዱ ጋ አቀበት ይጠብቃችኋል። ከሁለት አንዱ ጉልበቱን የሚያመው ከሆነ፣ ወይም እሷ ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ ይህ መስፈርት ወደ አንደኛ ይወጣል።

ሦስተኛው ጸጥታው ራሱ ነው። አራተኛው፣ አብሮ የሚታይ አንድ ትልቅ ነገርና አብሮ የሚቀመጡበት አንድ ጥሩ ቦታ መኖሩ። ከዚያ በላይ አያስፈልግም። ለሁለት ሰው ዕረፍት የምትወጡ ከሆነ አምስት ሙዚየም ሥራ ነው።

በመጨረሻ ወጪው። እዚህ ላይ መልካም ዜና አለ። ወደነዚህ ከተሞች የሚወስደው ሬጂዮናሌ የሚባለው የክልል ባቡር ነው። ዋጋው ቋሚ ነው። ዛሬ ብትገዙም ከወር በፊት ብትገዙም ያው ነው፣ የተወሰነ መቀመጫም የለውም። ስለዚህ መመለሻችሁን በአንድ ሰዓት ላይ ቀድማችሁ አትቆልፉም።

ኦርቪዬቶ

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄዱ ጥንዶች ብዙውን ጊዜ የምመክረው ይህንን ነው። ከሮም በሬጂዮናሌ ከአንድ ሰዓት ከሩብ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል። ከተማው ያለው ጥርብ በሚመስል ትልቅ የእሳተ ገሞራ አለት ላይ ነው። ገና ከባቡሩ መስኮት ይታያል።

አቀበቱ አያስፈራችሁ። ከጣቢያው በር ፊት ለፊት ፉኒኮላሬ አለ። በገመድ የሚሳብ፣ ተዳፋት የሚወጣ ትንሽ ባቡር ነው። በ1888 ሲሠራ የሚንቀሳቀሰው በውኃ ክብደት ነበር። ከላይ ያለው ፉርጎ ውኃ ሞልቶ ሲወርድ የታችኛውን ይስበዋል። አሁን በኤሌክትሪክ ነው። ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይፈጃል።

ላይ ስትወጡ ሁሉም ሰው በቀጥታ ወደ ካቴድራሉ ይሮጣል። እናንተ አትሩጡ። ፉኒኮላሬው ከሚያወርዳችሁ ቦታ አጠገብ ፖዞ ዲ ሳን ፓትሪሲዮ የሚባል የውኃ ጉድጓድ አለ። በ1527 ሮም ስትዘረፍ የሮማው ጳጳስ ክሌመንት 7ኛ ሸሽተው ኦርቪዬቶ ገቡ። ከተማው ቢከበብ ውኃ እንዳያልቅ ብለው ይህን ጉድጓድ አስቆፈሩ። ሥራው በ1537 አለቀ። ጥልቀቱ ከ50 ሜትር ይበልጣል። ዙሪያውን ሁለት ጠመዝማዛ መንገዶች አሉት፣ እያንዳንዱ 248 ደረጃ ነው፣ ሁለቱ ግን ከታች ካለችው ድልድይ በቀር አይገናኙም። ውኃ የሚቀዳው አህያ በአንዱ ወርዶ በሌላው ይወጣ ነበር፤ የሚወርደውና የሚወጣው መንገድ ላይ አይጋጩም።

እኛ ስንገባ ባለቤቴ ቀደመችኝ። እሷ ታች ያለችውን ትንሽ ድልድይ ተሻግራ መውጣት ስትጀምር እኔ ገና እየወረድኩ ነበር። ወደ ውስጥ በሚያሳዩት መስኮቶች በኩል ከማዶ አየኋት። እጇን አውለበለበችልኝ። ሁለታችንም በዚያው ጉድጓድ ውስጥ ነን፣ ግን በተለያየ ደረጃ ላይ። በእያንዳንዱ መስኮት አንዴ ትታያለች፣ አንዴ ትጠፋለች። ላሊበላን ያየ ሰው ወደ ታች የተፈለፈለ አለት አይገርመውም ብዬ አስብ ነበር። ገረመኝ። ለሁለት ሰው የተሠራ ይመስላል።

ካቴድራሉ መሠረቱ የተጣለው በ1290 ነው። ጎኑ ጥቁርና ነጭ ድንጋይ እየተፈራረቀ የተሠራ ነው። ውስጥ የሳን ብሪሲዮ ጸሎት ቤት አለ፤ ሉካ ሲኞሬሊ ከ1499 እስከ 1504 የመጨረሻውን ፍርድ የሳለበት። የእኛን ቤተ ክርስቲያን ሥዕል እያየ ያደገ ሰው ታሪኩን ያለ አስጎብኚ ያነበዋል።

እንከኑ ጎብኚው ነው። ቅዳሜና እሑድ ረፋድ ላይ የካቴድራሉ አደባባይ ይሞላል። መፍትሔው በተቃራኒ መጓዝ ነው። ጠዋት ጉድጓዱ፣ ከዚያ አጠገቡ ያለው የአልቦርኖዝ ምሽግ የአትክልት ቦታ፣ ምሳ በጎን መንገድ፣ ካቴድራሉ ከ10 ሰዓት በኋላ። ደግሞ ፉኒኮላሬው ማታ ይቆማል። የመጨረሻውን ሰዓት ስትወጡ በሩ ላይ አንብቡት።

ቪቴርቦ

የእኔ ምርጫ ይህ ነው። ለምን ብትሉ፣ ከአራቱ እውነተኛ ጸጥታ ያለው እዚህ ስለሆነ ነው። ብዙ ጎብኚ አያውቀውም። መንገዱም ለአንዳንዱ ይረዝምበታል፤ ወደ ሁለት ሰዓት ይጠጋል።

ባቡሩ የኤፍ ኤል 3 መስመር ነው። ዋናው ጣቢያ ተርሚኒ ሄዳችሁ አትፈልጉት። ከኦስቲየንሴ፣ ከትራስቴቬሬ ወይም ከሳን ፒዬትሮ ጣቢያ ተሳፈሩ። ቫቲካን አካባቢ ያደረ ሰው ሳን ፒዬትሮ ይቀርበዋል። መንገዱ ላይ የብራቻኖ ሐይቅ አለ። ባቡሩ ቀርፋፋ ነው፣ መስኮት ይዛችሁ ከተቀመጣችሁ ግን ቀርፋፋነቱ ደስ ይላል። የምትወርዱት ቪቴርቦ ፖርታ ሮማና ላይ ነው። ከጣቢያው እንደወጣችሁ የከተማው ቅጥር ከፊታችሁ ነው። የሐረር ጀጎልን በር ያለፈ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል፤ ከቅጥሩ ውጭ መኪና፣ ከውስጥ የእግር ኮቴ።

ከዚያ ወደ ሳን ፔሌግሪኖ ሰፈር ሂዱ። የመካከለኛው ዘመን ሰፈር ነው። ቤቶቹ የተሠሩት ፔፔሪኖ ከሚባል ግራጫ ድንጋይ ነው። ፕሮፌርሎ የሚሉት ከቤቱ ውጭ የተሠራ የድንጋይ ደረጃ አላቸው፤ ከመንገድ በቀጥታ ፎቅ ላይ ያወጣል። ከአንዱ ደረጃ ሥር ከባለቤቴ ጋር ተቀምጠን ግማሽ ሰዓት ያህል ሳናወራ የቆየንበት ቀን አለ። አንዲት አሮጊት ፎቅ ላይ ልብስ ያሰጣሉ። ቁልቁል አይተውን በራሳቸው ሰላምታ ሰጡን፣ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። አንድ ድመት መጣች። ሌላ ምንም አልሆነም። ይህ ነበር የፈለግነው።

ትልቁ የሚታይ ነገር የጳጳሳቱ ቤተ መንግሥት ነው። በ13ኛው መቶ ዘመን ጳጳሳት ሮምን ትተው እዚህ ይቀመጡ ነበር። ክሌመንት 4ኛ በ1268 ሲሞቱ ካርዲናሎቹ ተተኪ ለመምረጥ ተሰበሰቡ። ወደ ሦስት ዓመት ተጠጋ፣ አልተስማሙም። የከተማው ሰው መረረው። በሩን ቆለፈባቸው፣ ምግባቸውን ቀነሰ፣ በመጨረሻም የአዳራሹን ጣሪያ አነሳባቸው። በ1271 ጎርጎርዮስ 10ኛ ተመረጡ። እሳቸውም በ1274 ካርዲናሎች ተቆልፎባቸው እንዲመርጡ ሕግ አወጡ። ዛሬ ጳጳስ በሚመረጥበት ጊዜ «ኮንክላቭ» የምንለው ቃል «በቁልፍ» ከሚል የላቲን አነጋገር የመጣ ነው። አዳራሹ አሁንም አለ። አጠገቡ ያለው ቅስት ያለበት ሰገነት ላይ ቆማችሁ ሸለቆውን ማየት ትችላላችሁ።

ፍልውሃ ለሚወዱ ሌላም ነገር አለ። ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ ሙቅ ምንጮች አሉ። ገጣሚው ዳንቴ ሳይቀር ቡሊካሜ የሚባለውን ጠቅሶታል። ግን በእግር አይሄድም፤ ታክሲ ወይም አውቶቡስ ይፈልጋል። በአንድ ቀን ከተማውንም ፍልውሃውንም ልያዝ ማለት ሁለቱንም ማጣት ነው። አንዱን ምረጡ።

አንድ ቀን ብቻ አትሂዱ፦ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 3። በዚያ ምሽት የቅድስት ሮዛን ሐውልት የተሸከመ 30 ሜትር ገደማ የሚረዝም ማማ ከመቶ በላይ ወንዶች ትከሻ ላይ ሆኖ በጠባቡ መንገድ ያልፋል። እጅግ የሚያስደንቅ ነገር ነው። ጸጥታ ግን አይታሰብም።

ስፖሌቶ

ኡምብሪያ በሚባለው ክልል ውስጥ ነው፣ በሮም–አንኮና መስመር ላይ። አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል። ጥበብ የሚወዱ ጥንዶች እዚህ ይሂዱ። ገና ከጣቢያው ስትወጡ የቀራጺው አሌክሳንደር ካልደር ግዙፍ የብረት ሐውልት ይቀበላችኋል፤ በ1962 የቆመ ነው። ካቴድራሉ ውስጥ ሠዓሊው ፊሊፖ ሊፒ በሕይወቱ መጨረሻ የሳለው ሥራ አለ። እሱም የተቀበረው እዚያው ነው። ወደ ካቴድራሉ የሚወስደው ሰፊ ዝርግ ደረጃ ከላይ ወደ ታች ነው። እየወረዳችሁ ሕንጻው ቀስ እያለ ይገለጣል። ከላይ ምሽጉ አለ፤ ግንባታው በ14ኛው መቶ ዘመን የተጀመረ፣ እስከ 1982 እስር ቤት ሆኖ ያገለገለ። በዙሪያው ያለው የእግር መንገድ ላይ ስትሄዱ በሸለቆው ላይ የተዘረጋውን የማማዎች ድልድይ ታያላችሁ። ቁመቱ 80 ሜትር ገደማ ነው።

እዚህ ፈተናው አቀበቱ ነው። ጣቢያው ከአሮጌው ከተማ በታች፣ ወደ አንድ ኪሎ ሜትር ይርቃል። አውቶቡስ አለ። ከከተማው ግርጌ ደግሞ ከመሬት ውስጥ በተንቀሳቃሽ ደረጃና መንገድ የሚያወጣ መስመር ተሠርቷል። ቢሆንም ላይ ከደረሳችሁም በኋላ መውጣት መውረዱ አይቀርም። የጉልበት ሕመም ያለበት ሰው አይወደውም። ከጁን መጨረሻ እስከ ጁላይ አጋማሽ ባለው ጊዜ ደግሞ ከ1958 ጀምሮ የሚከበር የሙዚቃና የቲያትር ፌስቲቫል አለ። ሙዚቃ ለሚወድ ድግስ ነው፣ ጸጥታ ለሚፈልግ አይደለም።

ፍራስካቲ

ባጭሩ፦ ግማሽ ሰዓት፣ ከተርሚኒ፣ በጣም ርካሽ። መስመሩ በ1856 የተከፈተ ነው፣ ያኔ የሮማ ጳጳሳት ይገዙት በነበረው ግዛት የመጀመሪያው የባቡር ሐዲድ። ከተማው በሴፕቴምበር 8 ቀን 1943 በቦምብ ክፉኛ ስለተመታ ብዙው ቤት እንደገና የተሠራ ነው። ስለዚህ ለ«አሮጌ ከተማ» ብላችሁ ከሄዳችሁ ቅር ይላችኋል። ለመቀመጥ ከሄዳችሁ ግን ጥሩ ነው። ፍራስኬታ የሚባሉ ወይን ቤቶች አሉ። ስማቸው የመጣው በር ላይ ከሚሰቀል የዛፍ ቅርንጫፍ ነው፤ ወይን ደርሷል የሚል ምልክት። እኛ አገር ጠላ ቤት ደጃፍ ላይ ጣሳ በእንጨት እንደሚሰቀለው ማለት ነው። በአንዳንዶቹ የራሳችሁን ምግብ ይዛችሁ ገብታችሁ ወይን ብቻ ትገዛላችሁ።

ቲቮሊ የሚባለውን ከተማ ለምን አላካተትኩም? ቅርብ ነው፣ የቪላ ዴስቴ ፏፏቴዎችም ውብ ናቸው። ግን ያ የጉብኝት ቀን ነው። ሰልፍ አለ፣ የሃድሪያን ቪላም ከከተማው ርቆ ታች ነው። ሁለቱን ልይ ያለ ሰው ቀኑን ሙሉ ሰዓቱን ሲያይ ይውላል።

በአንድ እይታ

| | ኦርቪዬቶ | ቪቴርቦ | ስፖሌቶ | ፍራስካቲ |
|---|---|---|---|---|
| ባቡር፣ አንድ መንገድ | ከ1 ሰዓት ከሩብ እስከ 1 ሰዓት ተኩል | ወደ 2 ሰዓት | 1 ሰዓት ተኩል ገደማ | ግማሽ ሰዓት |
| ከጣቢያ ወደ ከተማው | ፉኒኮላሬ | በእግር፣ ቅርብ | አውቶቡስ ወይም አቀበት | ደረጃ፣ አጭር |
| ጸጥታ | ከ10 ሰዓት በኋላ | ቀኑን ሙሉ | ጥሩ፣ ከፌስቲቫሉ ውጭ | የሥራ ቀን ላይ |
| አብሮ የሚታይ | ጉድጓዱና ካቴድራሉ | የጳጳሳት ቤተ መንግሥት | ካቴድራሉና ምሽጉ | ቪላ አልዶብራንዲኒ |
| አብሮ የሚቀመጡበት | የምሽጉ አትክልት ቦታ | ሳን ፔሌግሪኖ | የምሽጉ ዙሪያ መንገድ | ፍራስኬታ |
| የሁለት ሰው ደርሶ መልስ፣ በግምት | 35 ዩሮ አካባቢ | ከ20 እስከ 25 ዩሮ | 40 ዩሮ አካባቢ | ከ10 ዩሮ በታች |

ለማን የትኛው?

ገና የምትተዋወቁ ከሆነ ኦርቪዬቶ። ወሬ ሲያልቅባችሁ ከተማው ራሱ ወሬ ያቀብላችኋል። ብዙ ዓመት አብራችሁ የኖራችሁ፣ ዝምታ የማያስጨንቃችሁ ከሆነ ቪቴርቦ። እዚህ ላይ አላመነታም።

አንዳችሁ መራመድ የሚከብዳችሁ ከሆነም ቪቴርቦ ነው፣ ምክንያቱም ጣቢያውና ከተማው ተቀራራቢ ናቸው። የድንጋይ ንጣፉ ግን ወጣ ገባ ነውና ተረከዝ ያለው ጫማ አይሆንም። ኦርቪዬቶም ይቻላል፣ ጉድጓዱን ከተዋችሁት። 248 ደረጃ መውረድ ቀላል ነው፣ 248 መውጣት ሌላ ነገር ነው።

ገንዘብ ካጠረ፣ ወይም ማታ በረራ ካላችሁ ፍራስካቲ። ሥዕልና ሙዚቃ አንድ ላይ ያገናኛችሁ ከሆነ ስፖሌቶ፣ በተለይ በመከር ወራት።

በጀት ላይ አንድ ጥቆማ። ቪቴርቦና ፍራስካቲ እንደ ሮም በላዚዮ ክልል ውስጥ ናቸው። ለላዚዮ ቢርግ የሚባል የቀን ቲኬት አለ። እስከ እኩለ ሌሊት የሚሠራ ሲሆን የሮምን ሜትሮና አውቶቡስም ይጨምራል። ስማችሁንና ቀኑን ጻፉበት። ለኦርቪዬቶና ለስፖሌቶ አይሠራም፣ እነሱ ኡምብሪያ ናቸው።

ቀኑን የሚያበላሹ ትንንሽ ነገሮች

የወረቀት ቲኬት ከገዛችሁ ከመሳፈራችሁ በፊት መድረኩ ላይ ባለችው ማሽን አስመቱት። በስልክ የገዛችሁት ከሆነ ደግሞ ባቡሩ ከመነሳቱ በፊት «ቼክ ኢን» ማድረግ አለባችሁ። ገዝቶ ያላስመታ ሰው ይቀጣል።

ተርሚኒ ላይ አንዳንድ ሬጂዮናሌ የሚነሳው ከዋናው አዳራሽ በጣም ርቆ ከሚገኝ መድረክ ነው። አስር ደቂቃ የሚያስኬድ አለ። ቡናችሁን ቆማችሁ ጠጥታችሁ ቀድማችሁ ሂዱ።

የጊዜ ሰሌዳው ላይ «ፌሪያሌ» የሥራ ቀን ነው፣ ቅዳሜንም ይጨምራል። «ፌስቲቮ» እሑድና በዓል ነው። እኛን ያን ዕለት አግዳሚ ላይ ያስቀመጠችን «ፌሪያሌ» የምትለው ቃል ናት። «ሾፔሮ» የሚል ካያችሁ ደግሞ የሥራ ማቆም አድማ ነው። በሥራ ቀን አድማ ቢሆን እንኳ ክልላዊ ባቡሮች ከጠዋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት እና ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ የተወሰነ አገልግሎት የመስጠት ግዴታ አለባቸው። ጉዞውን በእነዚህ ሰዓቶች ውስጥ ማስገባት ይቻላል። ቀን መቀየር ከቻላችሁ ግን ቀይሩ።

ትንንሽ አብያተ ክርስቲያናት ብዙ ጊዜ ከቀትር እስከ 9 ሰዓት ይዘጋሉ። ምግብ ቤቶችም ከ8 ሰዓት ተኩል በኋላ ወጥ ቤታቸውን ይዘጋሉ። ስለዚህ 7 ሰዓት ላይ ምሳ ተቀመጡ፣ ቀስ ብላችሁ ብሉ። ስትነሱ ከተማው እየተከፈተ ነው።

ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ ሁለት የመመለሻ ባቡር ሰዓት ወረቀት ላይ ጻፉ፤ የምትፈልጉትንና ከእሱ ቀጥሎ ያለውን። ከሁለተኛው በኋላ ሌላ ባቡር ከሌለ ዕቅዳችሁን በመጀመሪያው አድርጉት። ወረቀቱን ከሁለታችሁ ሰዓት የሚያከብረው ሰው ይያዘው። እኛ ቤት እሷ ናት የምትይዘው።